የጠፋንበት ቀን ወረቀት

በላስታ ተራሮች እንደኔ መንገድ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሌላ የሚለው ሰው ስለጠፋ ነው። ከአሸተን ማርያም አፋፍ እስከ ኮን ገበያ የትኛው ድንጋይ በዝናብ እንደሚያዳልጥ፣ የትኛው ምንጭ በሚያዝያ እንደሚደርቅ አውቃለሁ። ማንበብና መጻፍም አስተማሪ ፊት ሳልቀመጥ የቻልኩ ሰው ነኝ። ይህንንም በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። የልጅ ልጄ በኮምፒዩተር ገለበጠችው እንጂ አንድ ቃል አልጨመረችበትም። ልትቀንስ ሞክራ ነበር፤ አልፈቀድኩም።

በዚያ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ የመንግሥት ጦር ወደ አገራችን ሲመጣ ተራራውን የሚያውቅ ሰው ፈለገ። እኔ ጎልማሳ ነበርኩ፤ ወታደር አይደለሁም፤ የደንብ ልብስም መሣሪያም አልተሰጠኝም። ነጠላዬን አደግድጌ፣ ዱላዬን ይዤ ከፊት እሄዳለሁ፤ እነሱ ጠብመንጃቸውን ይዘው ይከተሉኛል። መንገድ መሪ ይሉን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላም ጦርነት መጥቶ ሄዷል፤ በዚያኛው ግን ማንም መንገድ አልጠየቀኝም። አረጀህ ብለው ነው።

ከዚያ ዘመን የቀሩኝ ወረቀቶች በቤታችን ምሰሶ ላይ በተንጠለጠለ ማኅደር ውስጥ ይኖራሉ። ማኅደሩ የሚስቴ አባት የዳዊት መጽሐፋቸውን የሚይዙበት የቆዳ ቦርሳ ነው፤ ቄስ ነበሩ። ዳዊቱን ወንድሟ ወረሰ፣ ማኅደሩ ለሷ ደረሰ። በውስጡ ማኅተም ያለበት የይለፍ ወረቀት አለ። አንድ መቶ አለቃ «በርትቶ አገልግሎናል» ብሎ የጻፈልኝ ምስክርነት አለ። በኮቾሮ ካርቶን ጀርባ በከሰል የሣልኳቸው የመንገድ ሥዕሎች አሉ። ኮቾሮ ያ ጥርስ የሚሰብረው የወታደር ደረቅ ብስኩት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እነዚህን አውርጄ አሳያለሁ። «እያንዳንዷ እርምጃዬ በወረቀት ተጽፋለች» እላለሁ። ከነሱ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ለማንም ያላሳየኋት አንዲት ወረቀት ነበረች። ነገሬ ስለሷ ነው።

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ከላሊበላ ወደኛ መጣች። እኛ ያሳደግናት ናት፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆናለች። ልታገባው የፈለገችው ልጅ ቀያሽ ነው፤ በሦስት እግር ላይ የቆመ መሣሪያ አስቀምጦ መንገድ ይለካል። መንገድ ለማወቅ መሣሪያ የሚያስፈልገው ሰው ብዙም አያስደንቀኝም፤ ቢሆንም ጨዋ ልጅ ነው። በዚያ ሳምንት ከነሱ ወገን ሽማግሌ ሊመጣ ነው ብለን ሚስቴ ጠላ ጠምቃ ነበር።

«አባባ፣ ሽማግሌ አይመጣም» አለችኝ ገና ከበሩ።

«ልጁ ታመመ?»

«ልጁ ደኅና ነው። አያቱ ናቸው። ክምሬን ካስቃጠለ ሰው ቤት ሙሽራ አላመጣም ብለዋል።»

የልጁ አያት በይምርሐነ ክርስቶስ በኩል፣ ከገደሉ ሥር ባለችው መንደር ይኖራል። ንብ አናቢ ነው፤ ማሩ ነጭ ነው፣ አፉ ግን መራራ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ወታደሮች ከገደሉ አናት በዝንጀሮ በር ወርደው መንደሯ ላይ ደረሱ። ዝንጀሮ በር በሁለት አለት መካከል የምታልፍ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ብቻ ያውቃታል የምትባል ቀጭን መንገድ ናት። ወታደሮቹ ሰው አልገደሉም፤ አውድማ ላይ የተከመረውን ገብስ ግን አቃጠሉት። የመንደሩ ሰው ያን ዓመት በየዘመዱ ቤት ተበትኖ የሰው እህል ሲበላ ከረመ። በዚያች መንገድ ማን መራቸው ሲባል ሁሉም እኔን ጠራ። ለምን ቢባል፣ ከዚያ ቀደም በኮን ገበያ፣ በጠላ ቤቱ ሁሉ፣ «ዝንጀሮ በርን ከኔ በቀር የሚያውቃት የለም» ስል የኖርኩ እኔ ነኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ቀን እዚያ አልነበርኩም። እንግዲያ ለምን አርባ ዓመት ያህል ዝም አልክ ትሉኛላችሁ። አልነበርኩም ካልኩ የት ነበርክ ይሉኛል፤ ያንን መመለስ አልፈለግኩም። ደግሞ የዚያች መንደር ሰዎች በገበያ መንገድ ሲያገኙኝ ሰላምታ ባይሰጡኝም ዳር ይዘው ያሳልፉኝ ነበር። ክፉ መንገድ መሪ መባል ደስ አይልም። ግን መንገድ መሪ የሚለው ቃል በውስጡ አለ።

የልጅ ልጄ ቁጭ አለች። «አንድ ነገር ጨምረዋል» አለች። «አርባ ዓመት ሙሉ እርምጃዬ ሁሉ በወረቀት ተጽፏል ሲል ሰምቼዋለሁ፤ እስቲ የገብርኤልን ዕለት ወረቀት ያምጣ። እሱን ካየሁ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ካላየሁ አልልክም ብለዋል። አባባ፣ ወረቀት አለ?»

«መሐላ አይበቃም?»

«ምላሱን አላምንም ነው ያሉት።»

ሚስቴ ጥግ ሆና እንዝርቷን ታሾር ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ «አለ እንጂ» አለች።

«የትኛው?» አልኩ።

«የሚያውቋት።»

ለልጅቱ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብያት ወጣሁ። የገበያ ቀን አልነበረም። ከጓሮው ካብ ላይ ተቀምጬ አንድ ግማሽ ቀን ሙሉ አሰብኩ።

ያ ወረቀት እንዲህ ነው የመጣው። አንድ የወታደር ጓድ ይዤ በአቡነ ዮሴፍ ትከሻ ዞሬ ወደዚያችው መንደር ከላይ እንዳወርዳቸው ታዘዝኩ። የጓዱ አዛዥ ሻምበሉ የመረጠኝ በጠላ ቤት ዝናዬ ነው። የወጣን ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከተራራው ትከሻ ስንደርስ ያለወቅቱ ጉም መጣ፤ የገዛ ዱላዬን ጫፍ እስከማላይ ድረስ። «ቀርበናል» እያልኩ መራሁ። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ደረስን፤ ድንጋዩ አጠገብ ባዶ የኮቾሮ ካርቶን ወድቋል። «ከኛ በፊት ሌላ ጦር አልፏል ማለት ነው» አልኩ። ሻምበሉ ካርቶኑን አነሳ፣ አገላብጦ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ትናንት ጠዋት ራሳችን ቁርስ በልተን የጣልነው ነበር።

ሻምበሉ አልተቆጣም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀዶ ጻፈ፤ አጥፎ ሰጠኝ።

«ኮን ላለው አዛዥ አድርስ» አለኝ። «ኮንን ታገኘዋለህ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።»

«አይ፣ ገልጠህ ሂድ።»

«ምን ብለው ጻፉ ጌታዬ?»

«ስላንተ ነው።»

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሁለት ቀን የለፋ ሰው በወረቀት ላይ ስለሱ ከተጻፈ ምስጋና እንጂ ምን ይሆናል? በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወረድኩ፤ ከጉሙ ስወጣ መንገዱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ኮንንም ሳልስት ደረስኩ። የአዛዡ ጸሐፊ አነበበና ሌሎቹን ወታደሮች ጠራ። እየወጡ አዩኝ። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩላቸው። ጸሐፊው ወረቀቷ ላይ ማኅተም መታባትና መለሰልኝ፤ «እንግዲህ መታወቂያህ ይህቺው ናት፤ እንዳትጥላት» አለኝ። ከዚያ ለወጥ ቤቱ እንጨት እንዳመጣ ተመደብኩ። ተራራ ከመውጣት እረፍት የሰጡኝ መሰለኝ። በየኬላው ወረቀቷን ሳሳይ ወታደሮቹ ፈገግ ይሉ ነበር። አንድ አሥር አለቃ ሁለት ጊዜ አንብቦ ኮቾሮ ጨመረልኝ። በጥምቀት ፈቃድ ተሰጥቶኝ ቤቴ ስመጣ ለሚስቴ፣ «ይህቺ የክብር ወረቀት ናት፤ በየኬላው በሷ ነው የምከበረው» አልኳት። እሷም ለሰፈሩ ሁሉ ነገረች።

የምስጋናዬን ቃል በራሴ ዓይን ማየት ፈለግኩ። ፊደል ለመማር ያሰብኩት በዚህ ምክንያት ነው። ወጥ ሠሪው ወታደር ማንበብ ያውቅ ነበርና ተዋዋልን፤ አንድ ሸክም እንጨት ባመጣሁ ቁጥር አንድ ረድፍ ፊደል። ሀ ሁ ሂን በመጀመሪያው ሸክም፣ ለ ሉ ሊን በሁለተኛው። አስተማረኝ አልልም፤ በትከሻዬ ተሸክሜ ያመጣሁት ነው። ከቅርቡ ኮረብታ ላይ እንጨቱ ሲያልቅ እኔ ፐ ላይ ደርሼ ነበር። እንዲህ አድርጎ የተማረ ሰው በላስታ ካለ ያሳዩኝ።

በአንድ ጠዋት ከወጥ ቤቱ ኋላ ተቀምጬ ወረቀቷን ዘረጋሁ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ጽሑፍ እሷ ናት። ስድስት መስመር ነው፤ ስድስቱን ለማንበብ እስከ ምሳ ፈጀብኝ። መጀመሪያ አሳስቼ ያነበብኩ መስሎኝ ከላይ ጀመርኩ። ሁለተኛውም ያንኑ አለኝ። ተነስቼ እሳት ውስጥ ልጨምራት ወደ ምድጃው ሄድኩና እጄ እምቢ አለኝ። ያኔ ብቸኛ መታወቂያዬ ናት፤ ደግሞም የገዛ እንጨቴ ናት። ቤት ስመለስ ለሚስቴ ብቻ አነበብኩላት። «እንግዲህ ጎረቤቱን ምን ልበል?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ለጎረቤቱም ምንም አላለችም። በጨርቅ ጠቀለለቻት፤ እስካለፈው ዓመት ድረስ አልፈታናትም።

ከካቡ ላይ ተነስቼ ስገባ ማኅደሩ ወርዶ መደቡ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አንቱ፣ የማን ሠርግ ነው?» አለች ሚስቴ።

«የሷ።»

«እንግዲያ የርስዎን ክብር ማን ጠየቀዎ?»

በማግስቱ እሁድ ከልጅ ልጄ ጋር ወደዚያች መንደር ሄድን። በመኪናው መንገድ ዞረን ነው የደረስነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከወይራው ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ደብሩን የሚያገለግሉት ቄስ በመካከል ናቸው። የልጁ አያት ዱላውን ተደግፎ አየኝ።

«በየት በኩል መጣህ?»

«በመኪናው መንገድ።»

«በዝንጀሮ በር አጭር ነበር እኮ።»

«ጉልበቴ ነው።»

«ምላስህስ ደኅና ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቄሱ እጃቸውን አነሱና፣ «ወረቀቱን አምጥተሃል?» አሉኝ።

«አምጥቻለሁ አባ።»

«ስጠኝ ላንብበው።»

«ራሴ አነባለሁ፤ ከዚያ እርስዎ ያያሉ» አልኩ። በዚያች ወረቀት የተማርኩ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሊያነብልኝ አይገባም። ቆምኩ። የልጅ ልጄ ከሴቶቹ ጋር በስተግራ ተቀምጣለች፤ በወረቀቱ ውስጥ ያለውን ገና አልሰማችም። ቀኑን መጀመሪያ አነበብኩ፤ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ፣ ገብርኤል። ቀጠልኩ።

«ይህን ደብዳቤ የያዘው መንገድ መሪ ሁለት ቀን በጉም ውስጥ ሲያዞረን ቆይቶ፣ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ትናንት ጠዋት ከተነሳንበት ድንጋይ መልሶናል። የተላክንበት መንደር በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም፤ አሁን እኛም አናውቅም። ሌላ መሪ ይላክልን። ይህ ሰው ጉልበት ስላለው ለእንጨት ለቀማ ይዋል። መንገድ እንዳይመራ አደራ።»

ቄሱ ወረቀቱን ተቀብለው ማኅተሙን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት፤ ቀኑን በጣታቸው ተከተሉ። «ያለው ሁሉ አለበት» አሉ። «አልቀነሰም።»

አንዱ ሽማግሌ፣ «ወረቀቱ የእውነት ስለመሆኑ ምን እናውቃለን?» ሲል የልጁ አያት ቶሎ ዞረበት። «ይህ ሰው ራሱን የሚያዋርድ ወረቀት አያጽፍም» አለ። «አውቀዋለሁ። እውነት ነው።»

ከዚያ ወደኔ ዞረ። ድምፁ ተለውጧል። «እንግዲያ ወንድሜ፣ አርባ ዓመት በከንቱ አምቼሃለሁ። ሌሎቹን ማንም ያምጣቸው፤ አንተ ግን የያዝካቸውን ሆን ብለህ ነው ያዞርካቸው፣ አይደል? ክምራችን እንዳይነካ ብለህ?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቄሱ ሊመርቁኝ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረበልኝ። በጠላ ቤት ስንቱን ስፈጥር ኖሬ ይህቺ አልመጣችልኝም ነበር፤ አሁን ሌላ ሰው በነጻ ሰጠኝ። ራሴን አንድ ጊዜ ወደ ታች ብነቀንቅ ይበቃል። መንደሩ በሙሉ የኔ ነው። ሐውልት ባያቆሙልኝ እንኳ በየዓመቱ ገብርኤል ይጠሩኛል።

የልጅ ልጄን አየሁ። ዓይኗ አብርቷል፤ በኔ ኮርታለች። እዚች መንደር ልትኖር፣ እዚህ ልትወልድ ነው። ልጆቿ ስለኔ የሚሰሙት ይህንን ነው ብዬ አሰብኩ። ያንን ስድስት መስመር ለማንበብ የተሸከምኩት እንጨት ደግሞ ታወሰኝ።

«አይ» አልኩ። «ጠፍቼ ነው።»

«እ?»

«ሆን ብዬ አይደለም። ጠፍቼ ነው። ጉም ነበር፤ ግራዬንና ቀኜን አላውቅም ነበር። መንገዱን ባገኘው ኖሮ አወርዳቸው ነበር፤ ያኔ ስለ ክምራችሁ አላሰብኩም። ስለዚህም ይቅር በሉኝ።»

የልጁ አያት አፉን ከፍቶ አየኝ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው። ዱላው ከእጁ ወደቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ቄሱ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«አርባ ዓመት!» አለ እንባውን እየጠረገ። «አርባ ዓመት የፈራሁት ሰው ከቤቱ ደጃፍ የሚጠፋ ኖሯል። ቆይ፣ ዝንጀሮ በርንስ?»

ከጀመርኩ ላይቀር አልኩ። «ሰምቼ ነው የማውቃት።»

«ረግጠሃት አታውቅም?»

«አላውቅም።»

በዚህ ጊዜ ሴቶቹም አብረው ሳቁ፤ የልጅ ልጄ ሳቅ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር። የልጁ አያት ተነስቶ ትከሻዬን ያዘኝ። «እስከ ዛሬ የክምሬን ቂም ይዤብህ ነበር፤ አሁን አበቃ። ረቡዕ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ። «አንድ ነገር ግን አለብህ። በሠርጉ ቀን በመኪናው መንገድ አትመጣም። ከላይ ከገደሉ አናት እጠብቅሃለሁ፤ እኔ ነኝ የማወርድህ።»

ሽማግሌዎቹ ረቡዕ መጡ፤ ጠላው ትንሽ ኮምጥጦ ነበር፤ ማንም አልተናገረም። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሙሽሪት በመኪና ስትሄድ እኔ ከማለዳ ጀምሬ በእግሬ ወጣሁ። አያትየው ቃሉን ጠብቆ ከሁለቱ አለቶች አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት፤ በጨርቅ የቋጠረ ማር ከነሰፈፉ ይዞልኛል።

«ሳትጠፋ ደረስክ?» አለኝ።

«ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።»

ከፊት ከፊት ሄደ፤ እኔ የነጠላውን ጫፍ ይዤ ተከተልኩት። መንገዷ እንዳወራሁት አይደለችም፤ ታጥፋ ወደ ግራ ትገባለች፤ እኔ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነበር የማስገባት። መሐል ላይ ውሃ የሚንጠባጠብበት ጥግ አለ፤ ጭላዳዎቹ ከላይ ሆነው ይሳደባሉ። «እዚህ ጋ እግርህን አስቀድም» ይለኛል፤ «እሺ» እላለሁ። በሕይወቴ ከኋላ ሆኜ የሄድኩት ያን ቀን ነው፤ ለካ ከኋላ ሲሆኑ አገሩ ይበልጥ ይታያል። ከታች የሠርጉ ዳስ ታየን፤ ሙሽራው ልጅ ደጅ ቆሞ ወደኛ እጁን ያወዛውዛል።

ከዳሱ ስንደርስ ሁሉም ተነሳልን። ቦታ ሰጥተው ከአያትየው ጎን አስቀመጡኝ። የልጅ ልጄ ያቺን ወረቀት በስልኳ አንስታ ኖሮ ለእንግዳው ሁሉ ታሳያለች፤ ሰዉ እያነበበ ፈገግ እያለ ያየኛል፤ ልክ እንደ ድሮው ኬላ። በዚህኛው ጊዜ ግን የተጻፈውን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ በዝንጀሮ በር ሦስት ጊዜ ብቻዬን ወርጃለሁ። ውሃው የሚንጠባጠብበት ጋ ደርሰው ወደ ግራ መታጠፍ ነው፤ ቀኙ ገደል ነው። ዛሬ በላስታ ይህችን መንገድ ከኔ አስተካክሎ የሚያውቅ ሰው የለም። ከልጁ አያት በቀር ማለቴ ነው። እሱም እያረጀ ነው።